የዋይፋይ ቺፕ ቁልፍ በማን እጅ ነው? የ15 ዓመት ትግል አጭር ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ስክሪኑ ይሠራል፣ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ድምፁም ይሠራል። ዋይፋዩ ግን የለም። ተበላሽቶ አይደለም፤ ትናንት በዊንዶውስ ሲሠራ ነበር። ቺፑ እዚያው ቦርዱ ላይ ተቀምጧል፤ ኤሌክትሪክም ይደርሰዋል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቺፑን የሚያናግርበት ድራይቨር።

ስልክ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ላፕቶፕ ቢያንስ በገመድ ኢንተርኔት ያገኛል፤ ወይም አነስተኛ የዋይፋይ ዕቃ በዩኤስቢ ይሰካበታል። ስልክ ግን ዋይፋዩ ካልሠራ ግማሽ ዕቃ ነው። አምራቹ የረሳውን ስልክ በሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነፍስ ሊዘሩበት የሞከሩ ብዙ ሰዎች የቆሙት እዚች ቺፕ ላይ ነው።

ነገሩ ሲያዩት ትንሽ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል። ከኋላው ያለው ጥያቄ ግን ትልቅ ነው፦ ገንዘብ ከፍለን በገዛነው ዕቃ ላይ የሚያዝዘው ማን ነው? መልሱን ለማግኘት የአንድ ኩባንያን ቺፖች፣ የብሮድኮምን፣ ከ2003 እስከ 2018 መከተል ይበቃል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው እንጀምር።

■ አስተርጓሚውና መመሪያው

ድራይቨር በኦፐሬቲንግ ሲስተምና በቺፕ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ "ይህን መልእክት በአየር ላይ ላክልኝ" ይላል። ቺፑ ግን መልእክት ወይም ፎቶ የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ቁጥር የሚጻፍባቸውን ትንንሽ የሜሞሪ ሳጥኖች ነው። አንዷ ላይ የተወሰነ ቁጥር ሲጻፍ ራዲዮው ይበራል፤ ሌላዋ ላይ ሲጻፍ ቻናሉ ይቀየራል፤ ሦስተኛዋ ላይ ሲጻፍ የሚለቀቀው ኃይል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በአንድ የዋይፋይ ቺፕ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች በመቶዎች ይቆጠራሉ። የትኛዋ ምን እንደምትሠራ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደምትነካ የሚናገረው መመሪያ ያለው በአምራቹ እጅ ነው። መመሪያው ከሌለ ፕሮግራመሩ በጨለማ ቤት ውስጥ መቶ ማብሪያ ማጥፊያ እየነካካ የትኛው የትኛውን አምፖል እንደሚያበራ የሚፈልግ ሰው ይሆናል።

ብሮድኮም በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። መሥራቾቹ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ሄንሪ ሳሙኤሊና ተማሪው የነበረው ሄንሪ ኒኮላስ ናቸው። በ2002 መጨረሻ በሰከንድ እስከ 54 ሜጋቢት የሚያስተላልፉ የዋይፋይ ቺፖችን ለገበያ አቀረበ። የዚህ ፍጥነት ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ የጸደቀው በ2003 ሰኔ ስለሆነ ኩባንያው ከስታንዳርዱ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። በ2003 ጥር አፕል ቺፑን በአዲሶቹ ላፕቶፖቹ ውስጥ አስገባ። ሌሎችም ተከተሉ። የቺፑ መመሪያ ግን ምስጢር ለመጠበቅ ውል ለፈረሙ ደንበኞች ብቻ የሚሰጥ ነበር።

ለዚህ ምስጢር ምክንያት አልነበረም ማለት አይቻልም። አንደኛው የንግድ ነው፤ መመሪያውን ተፎካካሪ ያነበዋል፣ የፓተንት ከሳሽም ያነበዋል። ሁለተኛው ሕግ ነው። የዋይፋይ ቺፕ ራዲዮ ነው፤ ራዲዮ ደግሞ በሁሉም አገር የመንግሥት ፈቃድና ገደብ አለበት። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አሜሪካ ውስጥ በተለምዶ ከቻናል 1 እስከ 11 ይሠራል፤ አውሮፓ እስከ 13 ትፈቅዳለች፤ ቻናል 14 ደግሞ የጃፓን ብቻ ነው። ለሁሉም አገር የሚሸጠው ቺፕ ግን አንድ ነው። አገሩን የሚለየው ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። ስለዚህ የቺፕ ኩባንያዎች "ኮዱን ከከፈትነው ተጠቃሚው ገደቡን አልፎ ሲያሰራጭ በአሜሪካ የኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን ፊት የምንጠየቀው እኛ ነን" ይሉ ነበር።

ክርክሩ እውነትነት አለው። ችግሩ ውጤቱ ነው፤ ጥቂት ሰዎች ሕግ ይጥሳሉ ተብሎ ዕቃውን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሁሉ ከዕቃው ተቆለፈበት።

■ ሰማያዊዋ ሣጥን

የመጀመሪያው ስንጥቅ የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ በ2002 መጨረሻ ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለ ሰማያዊና ጥቁር የቤት ራውተር አወጣ። ራውተሯ በብሮድኮም ቺፕ የምትሠራ ነበረች። በ2003 ሲስኮ ሊንክሲስን በ500 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዚያው ዓመት የሊኑክስ ፕሮግራመሮች የራውተሯን ሶፍትዌር ሲመረምሩ ውስጧ የሚሠራው የራሳቸው ከርነል፣ ሊኑክስ፣ ሆኖ አገኙት።

እዚህ ላይ ስለ ፈቃድ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ሊኑክስ የሚሰራጨው ጂፒኤል በሚባል ፈቃድ ነው። ጂፒኤል "ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጥም፤ ነገር ግን ለሸጥህለት ሰው የቀየርከውን ሶርስ ኮድ በዚሁ ፈቃድ ስጠው" ይላል። ሊንክሲስ ራውተሯን ሲሸጥ ኮዱን አልሰጠም ነበር። ጥያቄው ሲበረታ ኩባንያው ኮዱን አወጣ። ከዚያ ኮድ ተነስቶ በ2004 ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው ነፃ የራውተር ሶፍትዌር ተወለደ፤ ዛሬም ድረስ በዓለም ላይ ባሉ በርካታ የራውተር ዓይነቶች ላይ ይጫናል። ሲስኮ በዚሁ በጂፒኤል ጉዳይ በነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በ2008 ታኅሣሥ ተከሶ በ2009 ግንቦት በስምምነት ጨርሷል።

ከወጣው ኮድ ውስጥ ግን አንድ ክፍል ጎድሎ ነበር። የዋይፋይ ድራይቨሩ የተሰጠው ለማሽን ብቻ በሚነበብ፣ አንድ ወጥ በሆነ የተዘጋ ፋይል ነው። ያ ፋይል የተዘጋጀው ለአሮጌው የሊኑክስ 2.4 ከርነል ስለነበር፣ ሌላው ዓለም ወደ 2.6 ሲሸጋገር እነዚያ ራውተሮች ዋይፋይ እንዳያጡ ሲሉ ለዓመታት ወደኋላ ቀሩ። አንድ የተዘጋ ፋይል ሙሉውን ሲስተም ሲያስር ማለት ይህ ነው።

ሆኖም ያ ፋይል ሌላም ነገር ነበር። ቺፑን አሳምሮ የሚያናግር፣ የቺፑን ቋንቋ በሙሉ የሚያውቅ፣ ለሊኑክስ የተጻፈ አስተርጓሚ ነበር። አሳልፎ የሰጠው ራሱ አምራቹ ነው።

■ ሁለት ክፍል፣ አንድ ግድግዳ

የአፕል ላፕቶፕ ኖሯቸው ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች በዚያ ጊዜ ከሁሉም የባሰባቸው ነበሩ። ሌሎች የዊንዶውስን ድራይቨር በሊኑክስ ውስጥ የሚያሠራ ኤንዲአይኤስራፐር የሚባል ብልሃት ነበራቸው። የአፕል ላፕቶፖች ፕሮሰሰር ግን በወቅቱ ፓወርፒሲ ስለነበር ያም አይሠራላቸውም። ወይ ዋይፋይ የለም፣ ወይ ራስ ሠርቶ ማምጣት ነው።

ሠርተው አመጡ። የተከተሉት ዘዴ አዲስ አልነበረም። በ1980ዎቹ ኮምፓክና ፊኒክስ የተባሉ ኩባንያዎች የአይቢኤምን ኮምፒውተር ማስነሻ ሶፍትዌር ያለ ስርቆት ለመሥራት የተጠቀሙበት ነው። ሠራተኞቹ በሁለት ቡድን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ቡድን የተዘጋውን ፋይል እየፈታታ ያነባል፤ ያየውን ኮድ ግን አይገለብጥም። "በዚህ ሳጥን ላይ ይህን ቁጥር ጻፍ፣ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ያንኛውን አንብብ" እያለ በተራ ቋንቋ መመሪያ ይጽፋል። ሁለተኛው ቡድን የተዘጋውን ፋይል በዓይኑ አያይም፤ መመሪያውን ብቻ ይዞ አዲስ ኮድ ይጽፋል። በመካከላቸው ግድግዳ አለ። ግድግዳው እስከተጠበቀ ድረስ "ኮዳችንን ሰረቃችሁ" የሚል ክስ መሬት አይይዝም፤ የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ እንጂ ቺፑ የሚሠራበትን እውነታ አይደለምና።

ሥራው አድካሚ ነበር። ብዙዎቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞች ናቸው። በ2005 ታኅሣሥ ጀርመናዊው ሚካኤል ቢዩሽና ጓደኞቹ ቺፑ በነፃ ድራይቨር መልእክት መላክና መቀበል መጀመሩን ለሊኑክስ ማኅበረሰብ አሳወቁ። በ2006 ሰኔ ድራይቨሩ ከሊኑክስ 2.6.17 ጋር በይፋ ወጣ። ከዚያም እንደገና ተሠርቶ ቢ43 በሚል ስም በ2008 ጥር ከ2.6.24 ጋር መጣ። ከአምራቹ አንዲት ገጽ መመሪያ ሳይሰጥ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ቺፑ ውስጥ ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮሰሰር አለ፤ እሱም የሚሠራበት ፈርምዌር የሚባል የራሱ ሶፍትዌር ያስፈልገዋል። ፈርምዌሩ የብሮድኮም ንብረት ስለነበር ማሰራጨት አይፈቀድም። ስለዚህ ፕሮግራመሮቹ ሌላ መሣሪያ ሠሩ፤ ተጠቃሚው ራሱ የአምራቹን ድራይቨር አውርዶ ፈርምዌሩን ከውስጡ ቆርጦ የሚያወጣበት። ሊኑክስ ጭነው ዋይፋይ ለማግኘት መጀመሪያ ኢንተርኔት ያስፈለጋቸው ሰዎች ምሬት የመጣው ከዚህ ነው። ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልግ ነበር! ቆይቶ በጣሊያን የብሬሺያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአንዳንድ ቺፖች ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ ፈርምዌር ጽፈው አሳይተዋል፤ እሱም እንደሚቻል ማረጋገጫ ሆነ።

■ የወንድማማቾች ጠብ

የዚህ ታሪክ መራሩ ክፍል ከኩባንያው ጋር የተደረገው ትግል አይደለም። በአንድ ወገን በቆሙ ሰዎች መካከል የተነሣው ጠብ ነው።

ከሊኑክስ ሌላ ኦፕን ቢኤስዲ የሚባል ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ፤ መሪው በካናዳ የሚኖረው ቴዎ ደ ራድት ነው። የተዘጋ ድራይቨርን በመቃወም የዚህን ቡድን ያህል አጥባቂ ማግኘት ይከብዳል። የእነሱ ፈቃድ ግን ከጂፒኤል ይለያል፤ "የፈለግኸውን አድርግ፣ ስሜን ብቻ አታጥፋ" ዓይነት ነው። ከቡድኑ አንዱ ማርከስ ግሎከር ለዚሁ የብሮድኮም ቺፕ ድራይቨር መጻፍ ጀምሮ ነበር።

በ2007 ሚያዝያ ሚካኤል ቢዩሽ የግሎከርን ኮድ አየና የሊኑክሱ ድራይቨር ኮድ ያለፈቃድ ተገልብጦበታል ብሎ ጻፈለት። ደብዳቤው ለግሎከር ብቻ አልደረሰም፤ ብዙ ሰዎች እንዲያዩት ሆኖ ነው የተላከው። ደ ራድት ተቆጣ። ኮዱ ገና በሥራ ላይ ያለ እንጂ ያለቀ አይደለም፤ ስህተት ካለ መጀመሪያ ለብቻው መንገር ይገባ ነበር፤ አንድን ፈቃደኛ በአደባባይ ማዋረድ ሰብአዊነት የጎደለው ነው ሲል ተከራከረ። የሊኑክስ ሰዎች ደግሞ ኮዱ ማንም ሊያወርደው በሚችልበት ቦታ እስከተቀመጠ ድረስ ታትሟል፤ የፈቃድ ጥሰትም ጥሰት ነው አሉ።

ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። የሊኑክሶቹ ሰዎች ወራት የፈጀ ጥንቃቄያቸው፣ ያ ሁሉ ግድግዳ፣ በፈቃድ መከበር ላይ የቆመ ነው፤ እነሱ የራሳቸውን ፈቃድ ካላስከበሩ በብሮድኮም ፊት ምን ይላሉ? በሌላ በኩል ግሎከር ኮዱን አጥፍቶ ሥራውን አቆመ። ኦፕን ቢኤስዲ የነበረውን ጅምር አጣ። ለአሮጌዎቹ ቺፖች ድራይቨር ያገኘው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው፤ ድራጎንፍላይ ከተባለው ሌላ ቢኤስዲ በመጣ ኮድ።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ፣ በ2007 ነሐሴ፣ ነገሩ ተገለበጠ። የኦፕን ቢኤስዲው ራይክ ፍሎተር አቴሮስ ለተባለ ሌላ ኩባንያ ቺፕ የጻፈውን ነፃ ኮድ የሊኑክስ ሰዎች ሊጠቀሙበት ሲያዘጋጁ፣ የእሱን የፈቃድ ጽሑፍ አንሥቶ በጂፒኤል የሚተካ ማሻሻያ ቀረበ። አሁን የተበደለው ሌላኛው ወገን ሆነ። ነገሩ የተስተካከለው የሕግ ባለሙያዎች ገብተውበት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለእኛም ሩቅ አይደለም። ትልቁ ባላጋራ በሩን ዘግቶ ተቀምጦ ሳለ፣ በደጅ ያሉት እርስ በርስ "አንተ ሌባ" ተባባሉ። ጥፋትን መናገር ተገቢ ነው። ነገር ግን ለብቻ በሚነገርና በአደባባይ በሚነገር ጥፋት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው ሥራውን እንዲያርም ወይም ጥሎ እንዲሄድ ያደርገዋል።

■ በሩ ሲከፈት

በ2010 መስከረም 9 ብሮድኮም ራሱ ለሊኑክስ ክፍት ድራይቨር አወጣ። ብዙ ሰው ማመን አቃተው። ድራይቨሩ በዚያን ጊዜ የሚደግፈው ሦስት አዳዲስ ቺፖችን ብቻ ነበር፤ ጥራቱም በመጀመሪያ አልተመሰገነም፤ ከሊኑክስ ጋር የገባው ገና ላልጸዳ ኮድ በተዘጋጀው የማቆያ ክፍል በኩል ነው። ከዓመት በላይ ተጠርጎ በ2012 ጥር፣ ከ3.2 ከርነል ጋር፣ ዋናው ክፍል ገባ።

ኩባንያው ልቡ ራርቶ ነው ማለት ግን የዋህነት ይሆናል። ኢንቴል ከ2004 ጀምሮ፣ አቴሮስም ከ2008 ጀምሮ ክፍት ድራይቨር ነበራቸው። ሊኑክስ የሚጭን የኮምፒውተር አምራች ምርጫ ነበረው። ከሁሉ በላይ አንድሮይድ መጥቶ ነበር፤ የአንድሮይድ ሥር ደግሞ ሊኑክስ ነው። ፈቃደኞቹም ቢዘጋ እንኳ እንደሚከፍቱት አሳይተዋል። ምስጢር ሆኖ መቆየቱ የሚያስገኘው ጥቅም ቀንሶ ነበር።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ልብ ይሏል። ብሮድኮም ኮዱን ያወጣው በጂፒኤል አይደለም። ኦፕን ቢኤስዲ በሚወደው "ስሜን ብቻ አታጥፋ" በሚለው ፈቃድ ነው። ይህ ነገር በኋላ ይመለሳል።

■ አእምሮ ያለው ቺፕ

በዚሁ ጊዜ የዋይፋይ ገበያ ወደ ስልክ ዞሯል። ቢሲኤም4329 የተባለው የብሮድኮም ቺፕ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ኤፍኤም ራዲዮን በአንድ ላይ የያዘ ነው። በ2010 በወጡት የጎግል ኔክሰስ ዋንና የአፕል አይፎን 4 ውስጥ ያለው እሱ ነው። የስልክ ቺፕ ከላፕቶፕ ቺፕ በአንድ ነገር ይለያል። በላፕቶፑ ቺፕ አብዛኛውን የዋይፋይ ሥራ የሚሠራው ዋናው ፕሮሰሰር ነው። ስልክ ግን ባትሪ ይቆጥባል፤ ዋናው ፕሮሰሰር ሲተኛ ቺፑ ብቻውን ነቅቶ ኔትወርኩን መጠበቅ አለበት። ስለዚህ የይለፍ ቃል ልውውጡ፣ ከአንዱ ራውተር ወደ ሌላው መዛወሩ፣ ይህ ሁሉ ቺፑ ውስጥ ባለው ፈርምዌር ይሠራል። ድራይቨሩ ትእዛዝ አቀባይ ሆነ።

ይህ ለድራይቨር ጸሐፊ ሥራውን ያቀላል፤ ለባለቤቱ ግን ግድግዳውን ያወፍራል። አንድን የስልክ ቺፕ በአዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ለማሠራት የሚያስፈልገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቺፑ የሚበራበትን የኤሌክትሪክ እግር ማወቅ፤ ይህ ከስልክ ስልክ ይለያያል። ቀጥሎ በእንቅልፍ ጊዜ የሚቆጥርበትን ዘገምተኛ ሰዓት፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚመታውን፣ ማቅረብ። ከዚያ ቺፑን በውስጥ መስመሩ "ማን ነህ?" ብሎ መጠየቅና ቁጥሩን ማንበብ። ከዚያ ጥቂት መቶ ኪሎባይት የሆነውን ፈርምዌር መጫን። በመጨረሻም ለዚያ ስልክ ቦርድና አንቴና ብቻ የተዘጋጀውን የመለኪያ ፋይል መስጠት። ያ ፋይል የሌላ ስልክ ከሆነ ዋይፋዩ ወይ አይነሣም፣ ወይ ተነሥቶ ሲግናሉ ደካማ ይሆናል።

ከእነዚህ አንዱም የማይቻል ነገር አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ በስልክ አምራቹ መሳቢያ ውስጥ ያለ መረጃ ነው። የስልክ አምራቾች ደግሞ በይፋዊው ሊኑክስ ውስጥ ያለውን ድራይቨር አልተጠቀሙም። ብሮድኮም ለአንድሮይድ የሰጣቸውን ሌላ ድራይቨር በአንድ የቆየ ከርነል ላይ ለጥፈው ስልኩን ሸጡ፤ ወደሚቀጥለው ሞዴልም ተሻገሩ። ለአንድ ቺፕ ሁለት ድራይቨር ኖረ፤ አንዱ የሚጠበቅ፣ አንዱ የሚጣል። በሚሊዮኖች ኪስ ውስጥ የነበረው የሚጣለው ነው።

ሌላ መንገድ እንደነበር የሚያሳይ ምስክር አለ። ኖኪያ በ2009 ኅዳር ኤን900 የተባለውን ሊኑክስ ስልክ ሲያወጣ፣ የዋይፋይ ቺፑ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነበር። ድራይቨሩን የኖኪያው ካሌ ቫሎና ባልደረቦቹ ጽፈው በይፋዊው ሊኑክስ ውስጥ ያስገቡት ስልኩ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ነው። በ2011 የካቲት ኖኪያ ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማምቶ ዊንዶውስ ፎንን ዋና ምርጫው አደረገ። ኩባንያው ስልኩን ጣለው፤ ድራይቨሩ ግን አልተጣለም። በ2017 የተጀመረው ፖስትማርኬትኦኤስ፣ ስልክ ለ10 ዓመት ማገልገል አለበት የሚል ዓላማ ያነገበው ፕሮጀክት፣ ኤን900ን በአዲስ ከርነል ማስነሣት የቻለው ለዚህ ነው። ቫሎም ራሱ ኋላ ላይ የሊኑክስ ዋይፋይ ድራይቨሮች ሁሉ ኃላፊ ሆነ። ኩባንያ ያልፋል፤ በይፋ የገባ ኮድ ግን ይቆያል።

■ የ2017 ጸደይ

እስከዚህ ድረስ "ታዲያ እኔን ምን አገባኝ? ሊኑክስ አልጭን" የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ የመጣው በ2017 ነው።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ የጎግል ፕሮጀክት ዚሮ ተመራማሪ ጋል ቤኒያሚኒ አንድ ሥራ አሳተመ። በዋይፋይ ክልል ውስጥ ያለ አጥቂ፣ የስልኩ ባለቤት ምንም ሳይነካ፣ በብሮድኮም ቺፕ ፈርምዌር ውስጥ የራሱን ኮድ ማሠራት እንደሚችል አሳየ። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከቺፑ ተነስቶ ወደ ስልኩ ዋና ከርነል ተሻገረ። አፕል ለአይፎን ማስተካከያ በጥድፊያ አወጣ፤ ጎግልም ለአንድሮይድ እንዲሁ። አራት ወር ሳይሞላ፣ በሐምሌ፣ ኒታይ አርተንስቲን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ላስ ቬጋስ ላይ ብሮድፖን የሚል ስም የሰጠውን ሌላ ቀዳዳ አቀረበ። እሱም ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው በራሱ በዋይፋይ የሚተላለፍ ትል መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ቀዳዳው ከአይፎን 5 ወዲህ የወጡ አይፎኖችንና ከጋላክሲ ኤስ3 እስከ ኤስ8 ያሉትን ሳምሰንጎች ይነካል።

እንዴት ሆነ? ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ለዓመታት የተለመዱት መከላከያዎች፣ የሜሞሪ ቦታን ማወዛወዝ፣ ዳታ የሚጻፍበት ቦታ ኮድ እንዳይሠራ መከልከል፣ በቺፑ ውስጥ አልነበሩም። በቢሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀሱ ኩባንያዎች ከርነሉን በሰባት ቁልፍ ሲቆልፉ የጓሮው በር ክፍት ነበር። ማንም ያላየው ማንም እንዳያየው ስለተደረገ ነው። የተዘጋ ነገር ሁሉ የተጠበቀ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የማስተካከያው ዕጣ ነው። ጎግል በ2013 ላወጣው ኔክሰስ 5 የደኅንነት ማሻሻያ ለመስጠት የገባው ቃል በ2016 ጥቅምት አብቅቶ ነበር። ቀዳዳው ሲገለጥ ስልኩ የአራት ዓመት ዕድሜ እንኳ አልሞላውም። ባለቤቱ ምን ያድርግ? ፈርምዌሩን ራሱ ሊያርም ሕጉም ኩባንያውም አላዘጋጁለትም። የሚገርመው፣ የጀርመኑ ዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔክስሞን በተባለ ሥራቸው የዚሁኑ ኔክሰስ 5 ፈርምዌር መፍታትና ማስተካከል እንደሚቻል አስቀድመው አሳይተው ነበር። ዕውቀቱ ነበር፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ ግን አልነበረም።

ይህ ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ ይከብዳል። እኛ አገር ስልክ በሁለት ዓመት አይጣልም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ያገለገለ ሆኖ ይመጣል፤ ታላቅ ወንድም ተጠቅሞበት ለታናሽ ይሰጣል፤ ከዚያ ለእናት ይሄዳል። ሦስተኛው እጅ ላይ ሲደርስ አምራቹ ከረሳው ቆይቷል። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ በነፃ ዋይፋይ ላይ የተያያዘው ስልክ ማሻሻያ ያገኘበትን ቀን ባለቤቱ አያስታውስም። ስልኩ ይሠራል፣ ባንክም ይከፈትበታል፤ የጓሮው በር ግን እንደተከፈተ ነው። ሀብታም አገር ስልኩን ይቀይራል፤ የደኻ አገር ሰው ከነቀዳዳው ይኖራል።

■ ክበቡ ሲገጥም

የታሪኩ መጨረሻ ግን ጨለማ ብቻ አይደለም። በ2018 ሚያዝያ ኦፕን ቢኤስዲ 6.3 ሲወጣ ውስጡ ለብሮድኮም የስልክና የታብሌት ቺፖች የሚሆን ቢደብሊውኤፍኤም የተባለ አዲስ ድራይቨር ነበር። የጻፈው ፓትሪክ ቪልት ነው። ኮዱ አናት ላይ ሁለት ስም ሰፍሯል፦ የቪልትና የብሮድኮም። ኩባንያው ለሊኑክስ ያወጣው ድራይቨር ፈቃዱ "ስሜን ብቻ አታጥፋ" ስለሚል፣ ኦፕን ቢኤስዲ ከዚያ ወስዶ በይፋ፣ በሕግ፣ ስሙን ጠቅሶ መሥራት ቻለ። ኔት ቢኤስዲም ተቀብሎት ነበር።

በ2007 አንድን ፈቃደኛ ሥራውን ያስጣለው የፈቃድ ጉዳይ፣ ከ11 ዓመት በኋላ እንቅፋት አልሆነም። ልዩነቱን ያመጣው የፕሮግራመሮቹ ጥበብ መጨመር አልነበረም። አንድ ኩባንያ ተገድዶም ይሁን ወዶ መመሪያውን ስለከፈተ ነው። ያ ኮድ ዛሬ ብዙዎች ትምህርት ቤት ውስጥ በሚጠቀሙበት ራስቤሪ ፓይ ላይም ዋይፋይ ያሠራል።

ያልተገኘውንም መናገር ያስፈልጋል። ድራይቨሩ ተከፈተ፤ ፈርምዌሩ ግን ዛሬም ተዘግቷል። አስተርጓሚው የእኛ ሆነ፤ የሚያናግረው አካል ግን የራሱ ጌታ አለው። ጌታውም ይለዋወጣል፦ ብሮድኮም በ2016 የዚህን ዘርፍ አንድ ክፍል ለሳይፕረስ በ550 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ሳይፕረስን ደግሞ በ2020 የጀርመኑ ኢንፊኒዮን ጠቀለለው። ቺፑ በኪሳችን ሆኖ ሳለ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል።

የራዲዮ ሕግ ይከበር፤ የኩባንያ ድካምም ዋጋ ያግኝ። ነገር ግን አምራቹ "ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ስልክ ማሻሻያ አልሰጥም" ባለበት ቀን፣ የቺፑን መመሪያና ፈርምዌሩን የማረም መብት ለባለቤቱ ቢተው ምን ይጎዳል? የማይሸጠው ዕቃ ምስጢር ለማን ይጠቅማል? 15 ዓመት የፈጀው ይህ ታሪክ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ በሩ ሲከፈት ኩባንያው አልከሰረም፣ ሰማይም አልተደፋም። አሮጌ ስልክ ብቻ እንደገና ሠራ።